ብረት በቀትር

ከከዚራ ጥላ ወጥቼ፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ፣
ዘይት የጠገበች አንዲት ክፍል አለች፣ ግድግዳዋን ጥላሸት የበላ።
ሙሴ ኢድሪስ ይሉታል፤ ባቡሩ ጡረታ ሲወጣ
እሱ ግን አልወጣም፤ ቶርኖውን በጋሪ ጭኖ መጣ።
(“ሙሴ” የሚለውን ፈረንጆቹ አለቆቹ ሲሄዱ
ከመፍቻና ከጉጠት ጋር ትተውለት ነው የሄዱ።)

ጠመንጃዬን ከጆንያ አወጣሁ፤ አፈሙዙ ብርቱካን የተቀባ፣
ፖሊስ ቢያይ እንዳይደነግጥ፣ እናቴም ብታይ እንዳታነባ።
የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ በሩዝ መሐል የላከው፣
የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ፣ ስፕሪንግ ብቻ የሚያስጮኸው።

“ጉልበት አነሰው” አልኩት። “ሠላሳ ሜትር ላይ ይደክማል፤
ጥይቱ እንደ ሰከረ ዝንብ ግራ ቀኝ ይላል።
ስፕሪንጉን በጠንካራ ለወጥኩት፤ ፒስተኑ የፋብሪካ ነው፤
ትናንት ጥርሱ ተሸረፈ፤ ይኸው።”

ስባሪውን ተቀብሎ አሸተተው።
(እውነቴን ነው፣ አሸተተው።)
ከመሳቢያ ሦስት አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው።

“ይሄ ቀላሉ ነው፤ እንደ ልጅ ይሮጣል፤
ሲደርስ ግን ግድግዳውን በጥፊ ይላል፤
ያ ጥፊ ሰፈር ይቀሰቅሳል።
ይሄኛው አሉሚኒየም፣ ከታይዋን ገበያ የመጣ፤
ቀለሙን አትመነው፤ ቀዩ ሲላጥ ነጩ ነው የሚወጣ።
ይሄ ደግሞ ናስ። ካረጀ ሎኮሞቲቭ ቧንቧ የቀረጽኩት።
ይዘገያል።
ከባድ ጥይት ከጫንክ ግን ከኋላ ሆኖ ይገፋልሃል፤
ድምፁም... ድምፅ የለውም።”

“ታዲያ የቱ ይሻላል?”
“ምን ልትመታ ነው?” አለኝ።

የምመልሰው ጠፋኝ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ደቻቱ አሸዋ ላይ
መነጽር አድርገን የምንሳደደውን ልንገረው?
ከቁልቋል ጀርባ ተኝቶ፣ በጣለኝ ቁጥር
እንደ ጅብ የሚስቀውን በያንን?

“ጓደኛዬን” አልኩ በመጨረሻ።
ሳቀ፤ የቀሩት ጥርሶች ሁለት ናቸው።
“እንግዲያ ከባዱን ውሰድ። ጓደኛ ቀስ ተብሎ ነው የሚመታው።”

ሰባት ሰዓት ነበር፤ ድሬ ላይ ሰባት ሰዓት
ቆርቆሮ የሚናገርበት፣
ፍየል ከቆመ ሚኒባስ ሥር የሚተኛበት።
ናሱን ወደ ሲሊንደሩ ከተተው፤ ግማሹ ላይ እንቢ አለ።
“አየህ? ብረት በቀትር ይወፍራል፣ ማታ ይከሳል።
ሌሊት የለካሁት ቀን አይገባም፤
ቀን የለካሁት ሌሊት ይንቀጫቀጫል።
የምትተኩሰው ስንት ሰዓት ነው?”

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
“አሥር ሰዓት ላይ፤ ጥላው ወደ ሶማሌ በኩል ሲረዝም።”
“አሥር ሰዓት” ብሎ በጠመኔ
ቶርኖው ጎን ላይ ጻፈ፣ እንደ ሐኪም ትእዛዝ፤
ከናሱም አንዲት ፀጉር የምታህል ላጨለት።

ጎማ ቀለበቱን ግሪስ አስነክቶ
“አፈሙዙን በአውራ ጣትህ ዝጋ። አሁን ግፋ።”
ገፋሁ።
ፒስተኑ እንደ ገገማ በቅሎ ቆመ፤
ጣቴ ሥር አንዲት ትንሽ ትንፋሽ
መውጫ ፍለጋ ስትንፈራገጥ ተሰማችኝ።
“አያፈስም” አለ ሙሴ። ሌላ አላመሰገነውም።

ስድስት መቶ ጠየቀ፤ አምስት መቶ ነበረኝ።
“መቶዋን ከመታኸው ታመጣለህ፤ ከሳትከው ትቅር።”

ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት። የበያን አንድ ጆሮ፣ የኮፍያው ጫፍ።
ተነፈስኩ፤ ግማሹን አስቀረሁ።
ናሱ ሄደ። እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

በሕጋችን የተመታ ነው እጁን የሚያነሳ፤
ዳኛ የለንም፣ የሰው ቃል ነው ያለን።
በያን እጁን አነሳ!

ዘለልኩ፣ ጮህኩ፣ የሙሴን ዕድሜ መረቅሁ።
እሱ ግን ያንኑ እጁን ግንባሩ ላይ አሳርፎ
ላቡን ጠረገና
“ማነው የሚጮኸው?” አለ።

ነጯን ፍሬ በነጭ አሸዋ ውስጥ እስኪመሽ ፈለግኳት።
መቶ ብሯ ይኸው በሸሚዜ ኪስ ናት፤
በጣቢያው ኋላ ማለፍ ሲኖርብኝ
በከፊራ በኩል እዞራለሁ።